ስለ ሰሜን ሸዋ የገጠር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚባለውና እውነታው

መንዝም ሆነ መርሐቤቴ «ልጁ ቴክኒክ ገባ» ሲባል ከንፈር የሚመጥ አይጠፋም። ከሚወራው አብዛኛው ግን የዛሬ 20 ዓመት አሠራር ነው።

«የወደቁ ልጆች ማጠራቀሚያ ነው»

ስሙ የተረፈው ከ10ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ሙያ ይሄድ ነበር፤ «10+1»፣ «10+2»፣ «10+3» የሚባለውም የዚያ ዘመን ነው። ከ2012 ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረ ዛሬ በመደበኛው የሚገባው በብዛት 12ኛን የጨረሰ ነው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ ነበር። የቀሩትን 97 ሁሉ «ሰነፍ» ማለት አያስኬድም።

«ዓመቱን ተቀምጦ ከጨረሰ ወረቀቱ አይቀርም»

ይቀራል። ከ2000 ስትራቴጂ ወዲህ የሚቆጠረው የተቀመጡበት ዓመት ሳይሆን መሥራት መቻል ነው። ኮሌጁን መጨረስ አንድ ነገር፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ሌላ ነገር። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው፤ ያላለፈ እንደገና ይመዘናል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በተግባሩ ነው። ብየዳን እንይ። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር አካባቢ ይሠራል። 120 ላይ ከለቀቁበት ስሱን ላሜራ ይበሳዋል፤ 50 ላይ ካስቀሩት ከብረቱ ጋር እየተጣበቀ ያስቸግራል። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ደግሞ ስፌቱን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ክረምቱን ጉም በሚሸፍነው ደጋ ፓኬቱን ክፍት ትቶ ማደር ይህን ያመጣል። እነዚህን በቃል የሚያውቅ ሰልጣኝ ሞልቷል፤ እጁ የፈታ ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ፓኬት ለክፍሉ በሙሉ ይከፋፈላል። ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የግቢውን ውበት ሳይሆን የሚሠሩ ማሽኖች ስንት እንደሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን፣ ኮሌጁ በዚያ ሙያና ደረጃ እውቅና እንዳለው ነው።

«የትብብር ሥልጠና ቁልፍ ማቀበል ነው»

የትብብር ሥልጠና ማለት ሰልጣኙ ከኮሌጁ ወጥቶ በድርጅት ወይም በጋራዥ እየሠራ የሚማርበት ነው። ሐሜቱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ መካድ አይቻልም። ደብረ ብርሃን ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ግን ያለው አንድ ሁለት ጋራዥ ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ሊሆን ይችላል። የጋራዡ ባለቤት ማሽኑ እንዳይበላሽበት ይፈራል። የሚረዳው ሰልጣኙ የሚሠራቸው ተግባራት አስቀድመው በጽሑፍ መለየታቸው፣ አሠልጣኙ በአካል ሄዶ ማየቱ፣ የሠራው የሚጻፍበት መዝገብም በየሳምንቱ መፈረሙ ነው። መጨረሻ ላይ በአንድ ቀን የተፈረመ መዝገብ ምንም አይመሰክርም።

«ሰልጣኙ የከተማ ልጅ ነው»

ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ለሁለት ለሦስት አንድ ክፍል የሚከራዩ ናቸው። ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሁድ ማታ ከበሶና ከቆሎ ስንቅ ጋር መመለስ። ሥልጠናው በነጻ ቢሆን እንኳ የቤት ኪራይ ይበላቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው፤ መቅረት የሚበዛውም ያኔ ነው። የተግባር ምዘናን በዚያ ሰሞን የሚያስቀምጥ ኮሌጅ ጥፋቱ የራሱ ነው። ከመደበኛው ውጭ አጫጭር ሥልጠና የሚወስዱ አርሶ አደሮች፣ እናቶችና ባለሱቆችም አሉ።

«መውጫው የመንግሥት ሥራ ነው»

የግብርና ኮሌጆች የልማት ሠራተኛ በብዛት ባሠለጠኑበት ዘመን፣ በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ ይመደብ በነበረ ጊዜ፣ ለግብርናው እውነት ነበር። ዛሬ የቤት ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለይቶ ቆርጦ መስመሩን ከዘረጋ፣ አዲስ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ ሥራ አለው። የሚያስቸግረው የመሣሪያ መግዣው ነው፤ ለዚያ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ብድር መጠየቅ ይቻላል፣ የሲኦሲ ወረቀቱንም አብሮ ማቅረብ ይረዳል።