«አጥብቄ አስሬዋለሁ» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ካሜራን ቴሌስኮፕ ላይ ስለመግጠም

ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል። ብርዱንም ከዚያው ጋር ይሰጥሃል። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ከከተማው ወጣ ብለን፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ቴሌስኮፕ ተክለን የኦሪዮንን ኮከቦች ፎቶ ስናነሳ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ካሜራዬ ከቴሌስኮፑ ወልቆ በአንገት ማንጠልጠያው ይወዛወዛል። ማንጠልጠያውን ቴሌስኮፑ ላይ የጠመጠምኩት መንገድ እንዳይዘጋብኝ ብዬ እንጂ አስቤበት አልነበረም። አብረውን ያመሹት ጥበቃ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ልጄ፣ እኛ ሞፈርና ቀንበሩን እንኳ በምራን ጥፍር አድርገን ነው የምናስረው፣ አንተ ይሄን ሁሉ ብር በአንዲት ብሎን?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ መግጠም የጀመረ ሰው ሲያማክረኝ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

«ብሎኗን ካጠበቅኳት አይወድቅም»

ይሄ የኔው ነው። ፎከሰሩ ላይ፣ ማለትም ምስሉን ለማጥራት ወደፊትና ወደኋላ የምናንቀሳቅሰው ቱቦ ላይ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዷ ብሎን አስማሚውን፣ ማለትም ካሜራውን ከፎከሰሩ ጋር የሚያያይዘውን ቁራጭ፣ የምትገፋው ከአንድ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ ባጠበቅካት ቁጥር ካሜራው ትንሽ ያዘነብላል። ፎቶው ላይ በአንዱ ጥግ ያሉት ኮከቦች ጥርት ያሉ ነጥቦች ይሆናሉ፣ በሌላው ጥግ ያሉት ደግሞ የተጎተቱ። ሰው ይሄን ሲያይ ሌንሱን ይጠረጥራል፣ ሌንሱ ግን ምንም አልሆነም። በዚያ ላይ ብረት በብርድ ስለሚኮማተር አመሻሹ ላይ ጥብቅ ያለው ነገር ሌሊት ሊላላ ይችላል። ሌንስ የሌለው ካሜራ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ መሆኑን አትርሳ።

የሚሻለው ዙሪያውን እኩል የሚጨብጥ የናስ ቀለበት ያለው ፎከሰር ነው። ከሱም የሚሻለው ብሎን ጨርሶ የሌለበት፣ ጥርስ በጥርስ የሚጠመዘዝ አስማሚ ነው። ፎከሰርህ ሁለቱንም የአስማሚ ስፋት የሚቀበል ከሆነ 31.7 ሚሊሜትሩን ትተህ 50.8ቱን ተጠቀም፤ ሰፊው የተሻለ ይይዛል። ማንጠልጠያውንም እሰር። አሁን አስቤበት ነው የማስረው።

«42 ሚሊሜትር ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም! ካሜራውን ከቴሌስኮፑ የሚያገናኘው ቲ-ሪንግ የሚባለው ቀለበት ስፋቱ 42 ሚሊሜትር፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 0.75 ሚሊሜትር ነው። በድሮ የፊልም ካሜራዎች ላይ የነበረው ጠምዛዛ ሌንስም 42 ነው፣ ግን ጥርሱ 1 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን ስታጋጥማቸው ትንሽ ይዞሩና ቀጥ ይላሉ። እዚህ ላይ ፒንሳ የሚያነሳ ሰው አለ። አሉሚኒየም ነው እኮ፣ ጥርሱ ይበላል፣ በቃ ሄደ። ቶርኖ ቤት ወስደህ ማሠራት ይቻላል፣ ግን ለባለሙያው «42 ነው» ብቻ ብለህ አትመለስ፤ 0.75ቱንም ንገረው፣ ከተቻለ ናሙና ይዘህ ሂድ።

«ካሜራው ከገባ ምስሉ ይጠራል»

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። በመስታወት የሚሠራውን የኒውተን ዓይነት ቴሌስኮፕ ይገዛል፣ በዓይኑ ጨረቃን ቁልጭ አድርጎ ያያል። ካሜራ ሲገጥም ፎከሰሩን እስከ ጥግ ቢያስገባውም ጨረቃ የተበተነ ነጭ ክብ ሆና ትቀራለች። ምክንያቱ ርቀት ነው። ከቲ-ሪንጉ ፊት እስከ ካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን እስከሚቀበለው ገጽ፣ ድረስ 55 ሚሊሜትር አለ። ካኖን ኢኤፍ በሚባለው የሌንስ መግጠሚያ ላይ ካሜራው ራሱ 44 ይይዛል፣ ቀለበቱ 11 ይጨምራል። ኒኮን ኤፍ ላይ 46.5 እና 8.5 ነው። ምስሉ ጥርት የሚልበት ቦታ ከሴንሰሩ በፊት ይቀራል፣ ፎከሰሩም ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ አይገባም።

መፍትሔው ባርሎ የሚባለውን ሌንስ መሃል ማስገባት ነው፤ ምስሉን ያጎላል፣ ጥርት የሚልበትንም ቦታ ወደ ውጭ ይገፋዋል። አለበለዚያ ዋናውን መስታወት ወደፊት ማምጣት ወይም አጠር ያለ ፎከሰር መግጠም ነው። በሌንስ የሚሠራው ቴሌስኮፕ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማራዘሚያ ቱቦ ካልጨመርክ አይደርስም።

«እግሩ ጠንካራ ከሆነ ሚዛን ምን ያደርጋል?»

ካሜራ ስትጨምር ኋላው ይከብዳል። የቴሌስኮፑን ቱቦ በማቀፊያው ውስጥ ወደፊት አንሸራትተው፣ ማመጣጠኛ ክብደቱንም አስተካክል። ቆልፈህ ሳይሆን ፈትተህ ነው የምትፈትነው፤ እጅህን ስትለቀው ባለበት ይቆማል። የተንጠለጠለ ገመድም ይጎትታል፣ ፎከሰሩ ላይ እሰረው። በኛ ነፋስ ያልታሰረ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ቴሌስኮፑን ሲያርገበግበው ያድራል። የካሜራውን ማንሻ ቁልፍም በጣትህ አትጫን፣ የ2 ሰከንዱን መቁጠሪያ ተጠቀም።

አንድ የኛ አገር ጣጣ ልጨምር። ከሰማዩ ጋር የሚዞረውን ማቆሚያ ስለመትከል የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ከአውሮፓ ናቸው፤ እዚያ ማቆሚያው የሚነጣጠርበት የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከአድማሱ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ተራራ ከጋረደህ ጭራሽ አታየውም። ማቆሚያው ያንን ያህል ዝቅ ሲል የማመጣጠኛው ዘንግ ወደ ሰሜን ያዞርከውን የትራይፖድ እግር ይመታል፣ ካሜራውም አብሮ ይናጋል። ሁለት እግሮች ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ይሁን።

«የፀሐይ ማጣሪያው ከኋላ ቢገባም ያው ነው»

ያው አይደለም። ለፀሐይ የሚሆነው ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ ፊት ነው የሚገጠመው። ከኋላ የሚገባው ትንሽ ማጣሪያ በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ ካሜራህን፣ ባስ ካለም ዓይንህን ታጣለህ። ፊት ላይ የገጠምከውንም ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት እንደሆነችው ያለ ቀን ሲመጣ ሁሉም ይቸኩላል፣ ነፋስ የሚነጥቀውም ያኔ ነው።

«ስልክ በላስቲክ ቢታሰር ይበቃል»

ለአንድ የጨረቃ ፎቶ፣ እድለኛ ከሆንክ። የስልክ መያዣ ግዛና መጀመሪያ ቤት ውስጥ በቀን ብርሃን ለካው። የስልኩ ሌንስ በዓይን ማያው፣ ማለትም ዓይናችንን በምናስጠጋበት ሌንስ፣ መሃል ላይ ካልዋለ ግማሹ ጥቁር ነው። ሁለትና ሦስት ካሜራ ያለው ስልክ ደግሞ ስታጎላ በራሱ ወደ ሌላው ሌንስ ይዘላል፣ አንተ «ተንቀሳቀሰብኝ» ትላለህ። ዋናው ሌንስ ላይ አቁመው፣ በጣም አታጉላ።

«አልፈታ ሲል ፒንሳ ነው»

በብርድ የተጣበቀ ቀለበት በፒንሳ ሲያዝ ይጣመማል፣ ያኔ ጭራሽ አይወጣም። ቤት አስገባውና ይሙቀው፣ ከዚያ በላስቲክ ጓንት ያዘውና አዙረው። ግን ካሜራውን ሜዳ ላይ እያለ ፌስታል ውስጥ ከትተህ አፉን ቋጥረው። አለበለዚያ ሞቅ ያለ ቤት ስትገባ ላብ ያጠምቀዋል። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ፌስታሉን አልከፍተውም፣ ሦስተኛው ሲደርስ ቀለበቱም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ላልቶ ይገኛል።