አድራሻን በዕጣ መደልደል (ኤኤስኤልአር)

ኤኤስኤልአር ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድን ፕሮግራም ባስነሳ ቁጥር ስታኩን (የተግባሮች ጊዜያዊ መረጃ የሚቀመጥበትን)፣ ሂፑን (ፕሮግራሙ እየሠራ የሚጠይቀውን ቦታ) እና ላይብረሪዎቹን (የሚጋራቸውን ዝግጁ ኮዶች) በሚሞሪ ውስጥ ዕጣ ባወጣው አድራሻ የሚያስቀምጥበት የመከላከያ ዘዴ ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ለሚማሩ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ነው።

ለወሎ ልጅ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በባቲ የሰኞ ገበያ ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ሥር የሚቀመጥን ነጋዴ ሌባ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ነጋዴው በየሰኞው ቦታ ከቀየረ ግን ሌባው ይፈልጋል፤ ሲፈልግም ይታያል። የፕሮግራሙን ስህተት ተጠቅሞ ሊቆጣጠረው የሚሞክር አጥቂም የሚፈልገው ነገር ያለበትን አድራሻ ማወቅ አለበት፤ አድራሻውን ሲስት ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ውድቀቱ ዱካ ይተዋል።

ስያሜውንም ንድፉንም በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓክስ የተባለው የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያ ነው። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ2003፣ ሊኑክስ በ2005፣ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ተከተሉ። ነፃ ሶፍትዌሮች መቅደማቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ዕጣ የሚመዘነው በቢት ነው፤ 1 ቢት በተጨመረ ቁጥር አጥቂው መሞከር ያለበት የግምት ብዛት እጥፍ ይሆናል። በ2004 የወጣ ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳየ። በ32 ቢት ሲስተም ላይ ፓክስ ለላይብረሪዎች የነበረው ዕጣ 16 ቢት ብቻ፣ ማለትም 65,536 ቦታ ነበር። አጥኚዎቹ አፓቼ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር በአማካይ በ216 ሰከንድ ሰበሩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰርቨሩ የሚወልዳቸው ልጅ ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) የወላጃቸውን አድራሻ ይወርሳሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ተተኪው እዚያው ቦታ ላይ ስለሚነሳ አጥቂው ያለ ድካም ደጋግሞ ይሞክራል። ዛሬ በ64 ቢት ሊኑክስ የተለመደው ዕጣ 28 ቢት፣ ማለትም 268,435,456 ቦታ ነው። ሆኖም አንድ አድራሻ ካፈተለከ ይህ ሁሉ ቁጥር አይረዳም፤ ከእሱ ተነስቶ የቀረውን ማስላት ይቻላል።

የከርነሉን አድራሻ በዕጣ ማስቀመጥ በሊኑክስ የገባው በ2014 ሲሆን፣ ብዙም አይጠቅምም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ያም ሆኖ ይህንኑ ዕጣ ከማፈትለክ ለመጠበቅ በ2017 የተሠራው ካይዘር የተባለ የከርነል ማሻሻያ፣ በ2018 ይፋ ለሆነው የሜልትዳውን ቀዳዳ (ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ሚሞሪ እንዲያነብ ለሚያስችል የፕሮሰሰር ጉድለት) መድፈኛ መሠረት ሆኗል።

በሊኑክስ የዕጣው ቅንብር 0፣ 1 ወይም 2 ነው። 0 ያጠፋዋል፤ 1 ስታክንና ላይብረሪዎችን ይደለድላል፤ 2 ሂፕንም ይጨምራል። በላብራቶሪ ለልምምድ ብሎ 0 ያደረገ ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ወደ 2 ይመልሰው።