የካርታ ሥራና የጂአይኤስ ትምህርት በጎንደር

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካርታ ሥራና የጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒዩተር የማከማቸትና የመተንተን ሥርዓት) ትምህርት የሚሰጠው በጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ትምህርት ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ነውና፣ በመተማ ቆላ የወባንና የካላዛርን (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ሥርጭት የሚያጠና የጤና ተመራማሪም ይህንኑ ሙያ ይፈልገዋል።

መነሻው የወረቀት ካርታ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ የእርሳስ መስመር ደግሞ 25 ሜትር መሬት ይውጣል፤ እርሳሱ በደንብ መቀረጽ ያለበት ለዚህ ነው።

ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የአንድን ቦታ መገኛ የሚያሳዩት ቁጥሮች ነው። ጎንደር ዓለምን በ60 ዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚለካው የዩቲኤም ሥርዓት በ37ኛ ዞን ሰሜን ውስጥ፣ ከዞኑ መካከለኛ መስመር (39 ዲግሪ) በስተ ምዕራብ ትገኛለች። መካከለኛው መስመር 500,000 ሜትር ተብሎ ስለሚቆጠር የምሥራቅ ንባቧ ከዚያ ያንሳል፤ መሀል ከተማው 334,000 ገደማ ነው። የሰሜን ንባቡ 1,394,000 አካባቢ ነው። ሁለቱን በቃል መያዝ ይጠቅማል፦ ቦታ ከተለዋወጡ ነጥቡ ሶማሊያ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ሄዶ ያርፋል።

ከዚህ የከፋው ለዓይን የማይታየው ስህተት ነው። የቆዩት ካርታዎች የተሠሩት ክላርክ 1880 የተባለውን የምድር ቅርጽ ስሌት መሠረት ባደረገው አዲንዳን ዴተም (ዴተም ኮኦርዲኔት የሚቆጠርበት መነሻ ነው) ሲሆን ጂፒኤስ የሚያነበው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በተባለ ሌላ ዴተም ነው። ሳይቀየሩ ከተደራረቡ ልዩነቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግንቡ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ሊታይ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እኩል ከሸሹ ችግሩ ዴተሙ ነው፣ ወዲያና ወዲህ ከተበታተኑ ግን ንባቡ ነው። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል። በግንቦች መካከል ሞገዱ ከድንጋዩ እየነጠረ ስህተቱ ይጨምራል፤ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ደቂቃዎች መጠበቅና የንባቦቹን አማካይ መውሰድ ይረዳል።

ቀጥሎ የፊደል ጣጣ አለ። ሼፕፋይል በተባለው የካርታ መረጃ ፋይል ውስጥ የሠንጠረዥ ዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ቀበሌ» ሦስት ፊደል ስለሆነ ልክ ይገባል፣ «የሕዝብ ብዛት» ግን ይቆረጣል። ጂኦፓኬጅ የተባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ይህ ገደብ የለበትም። ሁለት ሠንጠረዦችን በቦታ ስም ማገናኘትም አያስተማምንም፤ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ኃ» ከጻፈው ኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ለእያንዳንዱ ቀበሌ መለያ ቁጥር መስጠት ይሻላል።

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ፣ ለምሳሌ የከተማዋን የመጠጥ ውኃ በሚይዘው የአንገረብ ግድብ ተፋሰስ፣ በሳተላይት ምስል ይጠናል። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ምስል አንድ ነጥብ መሬት ላይ በየጎኑ 30 ሜትር፣ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ደግሞ 10 ሜትር ነው። ክረምቱን ደመና ስለሚሸፍነው ተማሪው የበጋ ምስል ይመርጣል፤ እዚህ ላይ ወሩን መጠንቀቅ ይገባል። ጥቅምት ላይ አረንጓዴ የነበረ የጤፍ ማሳ ጥር ላይ ታጭዶ ባዶ መሬት ይመስላል። የአንዱን ዓመት ጥቅምት ከሌላው ዓመት ጥር ጋር ያነጻጸረ ሰው ያልጠፋውን እርሻ ጠፋ ብሎ ይጽፋል። የሁለቱም ዓመት ምስል ከአንድ ወር ይወሰድ፤ ከዚያም ጂፒኤስ ይዞ ወርዶ በዚያ ማሳ ምን ተዘርቶ እንደነበር ገበሬውን መጠየቅ ነው።