«የሰሜን ሸዋ ሰው» ሲባል፦ ስለ አገር ቤትና ስለ ፖለቲካ አቋም የሚነገሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አገርዎ የት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ዘመድ መፈለጊያና ጨዋታ መክፈቻ ነው። ችግሩ ከመልሱ በኋላ ይመጣል። «መንዝ» ላለው አንድ አቋም፣ «ይፋት» ላለው ሌላ አቋም፣ «ምንጃር» ላለው ደግሞ ሦስተኛ አቋም ይለጠፍበታል፤ ሰውዬው ገና አንድም ነገር ሳይናገር። ይህ ልማድ ከጨዋታ አልፎ ሰውን መጠርጠሪያና ማግለያ ሲሆን እያየን ዝም ማለት ስለማይገባ፣ ብዙ ጊዜ የሚነገሩትን እያነሣሁ እውነታውን እጽፋለሁ።

«የሰሜን ሸዋ ሰው አመለካከቱ አንድ ነው»

በመጀመሪያ የትኛው ሰሜን ሸዋ? መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን አለ፤ መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያ ክልል ዞንም አለ። ብዙ ሰው ይህን እንኳ ሳይለይ ይፈርዳል።

የደብረ ብርሃኑን ብቻ ብንወስድ፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበበት ዞን ነው። አማራ፣ ኦሮሞና አርጎባ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ይኖሩበታል። በመንዝ ብርድ ገብስ የሚያመርተውና በግ የሚያረባው፣ በሸዋ ሮቢት ቆላ ማሾ የሚዘራው፣ በምንጃር ጤፍ ለገበያ የሚያቀርበው ገበሬ ከመንግሥት የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዳርቻ ላይ ማሳው ወደ ከተማ ክልል የገባበት አባወራ ደግሞ ከማዳበሪያ ዋጋ ይልቅ የካሣው ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል።

ታሪካችንም ይህንኑ ይላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጆች አንዱ ኃይለ ሚካኤል የንጉሠ ነገሥቱን ሹመት ተቀበሉ፤ ወንድማቸው ሰይፉ ግን ሸፍተው ተዋጉ። ከዚያ ሸዋን እንዲገዙ የተሾሙት በዛብህ ደግሞ ለቴዎድሮስ ታምነው ከቆዩ በኋላ ራሳቸውን ንጉሥ አሉ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ ከበዛብህ ሠራዊት ብዙው ወደ እርሳቸው ተሻገረ። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች እንኳ እንዲህ ከተለያዩ፣ አንድ ዞን ሙሉ ሰው በአንድ ልብ ያስባል ማለት ከየት ይመጣል?

«ያሸነፈው ፓርቲ የአካባቢው ሕዝብ ሐሳብ ነው»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። አንድ ሺህ መራጭ ባለበት ቦታ አንዱ 400፣ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 250 ድምፅ ቢያገኙ ባለ 400ው ምክር ቤት ይገባል። ከአሸናፊው ሌላ የመረጡት 600 ሰዎች ግን እዚያው ቀበሌ፣ እዚያው ገበያ፣ እዚያው ደብርና መስጊድ ናቸው።

አዲስ አበባን እንይ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በወቅቱ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ያዘ። በአምስት ዓመት ውስጥ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ሐሳቡን ገልብጦ ነው? አይደለም። በመካከሉ ከምርጫው በኋላ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታስረዋል፣ ቅንጅት ተከፋፍሏል፤ ከዚህ ሁሉ ላይ አብላጫ ያገኘው ሁሉን የሚወስድበት አቆጣጠር አለ። የመቀመጫ ቁጥር የልብ ሐሳብ መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዊሊያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት፣ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ድርሻ ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። ግለሰቦቹን አንድ በአንድ ሲያነጻጽር ግን ፊደል ያልቆጠሩት በብዛት የሚገኙት ከውጭ ከመጡት መካከል ሆነ። እነርሱ የሰፈሩት የተማረ ሰው በበዛባቸው ግዛቶች ነበርና። ስለ አካባቢ የተሰበሰበ ቁጥር ስለ አንዱ ነዋሪ ተቃራኒውን ሊናገር ይችላል።

«ገበሬው ከመንግሥት ጋር ነው፤ ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ተስማምቷል»

በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት በአማራ ክልል ገጠርም በርካታ መቀመጫዎች አግኝቷል። ስለዚህ «ገጠር ደጋፊ፣ ከተማ ተቃዋሚ» የሚለው ክፍፍል ድሮም አልሠራም።

ዝምታውን ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በኅብረት ሥራ ማኅበርና በቀበሌ በኩል በሚመጣበት፣ የመሬት ጉዳይ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በሚያልፍበት ቦታ፣ ገበሬው በአደባባይ የሚናገረውን ይመርጣል። አስተዋይነት እንጂ ፈሪነት ወይም ደጋፊነት አይደለም። ታጣቂ በሚመላለስበት ዘመን ደግሞ የሚፈራው አካል ከአንድ በላይ ነው። እጁን አውጥቶ ያጨበጨበውም ሆነ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው በልቡ ምን እንዳለ ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ አይነበብም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ምርጫ በሚስጥር ድምፅ እንዲሰጥ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ጎረቤቶቼ ሁሉ እንደኔ ያስባሉ»

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሊ ሮስና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን አስተማሪ የሆነ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1977 አሳትመዋል። ተማሪዎችን የማስታወቂያ ሰሌዳ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በግቢው እንዲዞሩ ጠየቋቸው። የተስማሙት «አብዛኛው ሰው ይስማማል» ብለው ገመቱ፤ እምቢ ያሉትም «አብዛኛው እምቢ ይላል» አሉ። ቡና ላይ የሚቀርበን ሰው የሚመስለን ሰው ስለሆነ፣ የሦስት ቤት ወሬ የወረዳው ድምፅ መስሎ ይሰማናል።

«ቦታ የቀየረ አቋም ይቀይራል»

አንዳንዱ ይቀይራል፣ አንዳንዱ ይብስበታል። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖች አቋማቸውን የያዙት ካሳለፉት መከራ ነው፤ የአሁኑን አድራሻቸውንም ወደው አልመረጡትም። የምርጫ ሕጉ መራጩ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር እንዲኖር ሲጠይቅ፣ ለተፈናቃዮች፣ ለተማሪዎችና ለወታደሮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲኖር የፈቀደው መኖሪያና ልብ ሁልጊዜ አብረው ስለማይሄዱ ነው።

«ከአካባቢው የተለየ ሐሳብ የያዘ አካባቢውን ከድቷል»

ይህ አባባል ወንድምን ከወንድም አለያይቷል፤ ሰው ከሥራውና ከቀዬው እንዲርቅ አድርጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የራሱን አመለካከት መያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ከወረዳው ሐሳብ ጋር ይግጠም የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም። እድሩም ከአባሉ የሚፈልገው መዋጮውን እንዲከፍል፣ ለቀብር እንዲቆም፣ ሐዘንተኛን እንዲያጽናና ነው። ደቦ የሚወጣ ሰው ማንን እንደመረጠ ተጠይቆ አያውቅም። መርሐቤቴ ወይም አንኮበር ላይ ተመርጦ ፓርላማ የገባ ሰው እንኳ በአንቀጽ 54 መሠረት የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ የመረጠውን ብቻ ሳይሆን ድምፁን የነፈገውንም ጎረቤቱን ወክሎ ነው እዚያ የሚቀመጠው።