ትሬድ ምንድን ነው? «ስንት ገዙት?» ለሚሉ ሁሉ

ባለፈው ሰሞን አንድ ተንታኝ ስለ ቤዝቦል በአማርኛ ሲያወራ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አደረግኩ። ወዲያው ግን «ዶጀርስ ሾርትስቶፑ ሲጎዳበት ማኒ ማቻዶን በ16 ሚሊዮን ዶላር ገዛው» አለ።

ዶጀርስ የሎስ አንጀለስ ቡድን ነው፤ ሾርትስቶፕ ደግሞ በሰከንድና በሰርድ (በሁለተኛውና በሦስተኛው) ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ። ግን አልገዛውም። እዚያ ውስጥ ግዢ የሚባል ነገር አልነበረም።

አንዴ ብቻ ሰምቼው ቢሆን አልፈው ነበር። ግን ጁላይ በመጣ ቁጥር ያው ነው። «ዝውውሩ ስንት አወጣ?» «ስንት ተከፈለበት?» ይባላል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁላችንም እግር ኳስ እያየን ነው ያደግነው። እዚያ ክለብ ለክለብ ብር ይከፍላል። ተጫዋቹም ከአዲሱ ክለብ ጋር ተደራድሮ አዲስ ውል ይፈርማል። በቤዝቦል ትሬድ ላይ፣ ማለትም ቡድኖች ተጫዋች በተጫዋች ሲለዋወጡ፣ ሁለቱም የሉም። ተጫዋቹ የነበረውን ውል ይዞ ነው የሚሄደው፤ ደመወዙም ያው፣ የቀረው ጊዜም ያው። 16 ሚሊዮኑ ማቻዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሙሉ ዓመት የሚያገኘው ደመወዝ ነበር። ባልቲሞር ኦሪየልስ ከዚያ ላይ ሳንቲም አልተቀበለም። የተቀበለው አምስት ተጫዋቾች ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትሬድን ሳያውቀው ያውቀዋል። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰውዬ አስታውሱት። ሳፋ፣ ጆግ፣ ባልዲ ተሸክሞ ይመጣል። እናት የቆየ ጫማና ሱሪ ይዛ ትወጣለች። እሱ ሱሪውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ጉልበቱን ያያል። የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጦ ያያል። «ይሄ ብቻውን ሳፋ አያወጣም፣ ሌላ ጨምሩበት» ይላል። ክርክሩ ሁሉ በዕቃውና በዕቃው መካከል ነው። ብር አልተነሳም።

አሁን አንድ ነገር ቀይሩበት። እናት ይዛ የወጣችው ያረጀ ሱሪ አይደለም። ለልጇ «ሲያድግ ይለብሰዋል» ብላ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው፣ አንዴም ያልተለበሰ ልብስ ነው። ሳፋው ዛሬ ተሰብሮባታል፤ ልብሱ የሚያስፈልገው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ልብሱ ለልጁ ልክ ይሁን አይሁን ደግሞ ማንም አያውቅም። የተጎዳ ኢንፊልደር (በቤዞቹ አካባቢ የሚከላከል ተጫዋች) ለመተካት የሚደረግ ትሬድ ይህን ይመስላል። ከታችኛው ሊግ ያሉ፣ ገና ያልታዩ ልጆችን ሰጥቶ ዛሬ የሚሠራ ሰው መውሰድ ነው።

ወደ ዶጀርስ ልመለስ። ሾርትስቶፑ ኮሪ ሲገር የሚወረውርበት የቀኝ ክርኑ ጅማት ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው የተነገረው በ2018 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ነው። ዓመቱ ለእሱ አለቀ። ተንታኙ ሲናገር ግን በማግስቱ ማቻዶ የመጣ ይመስላል። ማቻዶ የመጣው ጁላይ 18 ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ተኩል አለ፤ ቁም ነገሩም እዚያ ውስጥ ነው።

ለምን ወዲያው አልለወጡም? በሜይ ወር ማንም ጥሩ ተጫዋቹን አይሰጥም፤ ሁሉም ቡድን ገና ተስፋ አለው። የሚሰጥ ቢገኝ እንኳ የሙሉ ዓመት ዋጋ ይጠይቃል። ደግሞም መላው ሰፈር ሳፋህ መሰበሩን ሰምቷል። ልዋጩ ይህን ካወቀ አንድ ሱሪ የነበረውን ሁለት ያደርገዋል። ስለዚህ ዶጀርስ መጀመሪያ ቤቱን ፈተሸ። ክሪስ ቴይለርን ከውጭኛው ሜዳ መሃል አምጥቶ ሾርትስቶፕ ላይ አቆመው። ማክስ መንሲ የሚባል፣ በ2017 ኦክላንድ ያሰናበተው ሰው ደግሞ በዚያው ኤፕሪል ሌላ ኢንፊልደር ሲጎዳ ከታች ተጠርቶ መጥቶ ነበር። መንሲ በዚያ ዓመት 35 ሆምረን (ኳሱን ከአጥር በላይ የሚያወጣ ምት) መታ። ለእሱ አንድም ልጅ አልተሰጠበትም። ኢንፊልደር በተጎዳ ቁጥር «ማንን ያመጣሉ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ይህንን ይዘለዋል፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

እርግጥ ቤት ያለው ሁልጊዜ አይበቃም። ዶጀርስ ሜይ ላይ 16 አሸንፎ 26 ተሸንፎ ነበር። ጁላይ ሲደርስ አገግሞ ለምድቡ አንደኝነት ይታገላል፣ ሾርትስቶፑ ግን አሁንም ልጥፍ ነው። ኦሪየልስ በአንጻሩ ዓመቱን 115 ጨዋታ በመሸነፍ የጨረሰ ቡድን ነው። የማቻዶ ውል በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል። ያኔ በምትኩ አንድም ተጫዋች ሳይቀበሉ ሊሄድባቸው ይችላል። ሻጭ የሌለበት ገበያ ሁለት ወር ተኩል ሲጠበቅ ሻጭ አገኘ።

የዚያ ዓመት የኮከቦች ጨዋታ ዋሽንግተን፣ ናሽናልስ ፓርክ ነበር፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ሰፈር በባቡር የሚደረስበት ቦታ። ጁላይ 17 ማታ ማቻዶ የኦሪየልስን ማልያ ለብሶ ተጫወተ። ማት ኬምፕ ሰከንድ ቤዝ ሲደርስ ማቻዶ ስልኩን አውጥቶ አብሮት ፎቶ ተነሳ። ኬምፕ ያኔ የዶጀርስ ሰው ነበር። በማግስቱ ሁለቱ የአንድ ቡድን ልጆች ሆኑ። ከኮከቦች ጨዋታው ሁለት ቀን በፊት እዚያው ሜዳ ላይ የወጣቶች ጨዋታ ነበር። ዩስኒየል ዲያዝ የሚባል ኩባዊ የዶጀርስ ልጅ ሁለት ሆምረን መታ። ዲያዝ ወደ ባልቲሞር ከሄዱት አምስቱ ዋነኛው ነው። ሌሎቹ ዲን ክሬመር፣ ራይላን ባነን፣ ዛክ ፖፕና ብሬቪክ ቫሌራ ናቸው።

ውጤቱን እዩት። ዲያዝ ለኦሪየልስ በትልቁ ሊግ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በ2022። ያን ያህል ያልተወራለት ክሬመር ግን ለዓመታት የኦሪየልስ ቋሚ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ሆነ። ሳጥን ውስጥ ያለው ልብስ እንዲህ ነው። ሁሉም የሚያደንቀው ይጠባል፣ ከሥር ታጥፎ የተቀመጠው ልክ ይሆናል። ዶጀርስ በበኩሉ በማቻዶ እስከ መጨረሻው የዋንጫ ፍልሚያ፣ እስከ ወርልድ ሲሪስ፣ ደረሰ፣ በቦስተን 4 ለ 1 ተሸነፈ። ማቻዶ ለዶጀርስ በመደበኛው ዓመት 66 ጨዋታ ተጫውቶ ሄደ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ከሳን ዲዬጎ ጋር ለ10 ዓመት በ300 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዓመቱ መካከል ተለውጦ የመጣ ተጫዋች ሲሄድ ደግሞ ቡድኑ የድራፍት (የአዳዲስ ወጣቶች ምልመላ) ምርጫ ካሳ አያገኝም። ስለዚህ ለ66 ጨዋታና ለአንድ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዓመት በኋላ ለሚደረገው የዋንጫ ውድድር) አምስት ልጅ። ዋጋው ይህ ነው፤ 16 ሚሊዮን አይደለም።

ገንዘብ ጭራሽ የለበትም እያልኩ አይደለም። ተለዋጩ ሲመጣ ቀሪው ደመወዙ አብሮ ይመጣል። በ2018 የደመወዝ ጣሪያ ግብር የሚጀምረው 197 ሚሊዮን ላይ ነበር፤ ዶጀርስ በዚያ ዓመት ከመስመሩ በታች ለመቆየት ይጠነቀቅ ነበር። ስለዚህ ሂሳቡ ነበረ። ግን የማን ደመወዝ ማን ይክፈል የሚል ሂሳብ ነው። አንዳንዴ ሰጪው ቡድን ከደመወዙ ከፊሉን አብሮ ይልካል፣ የተሻለ ልጅ እንዲሰጠው። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ በኋላ የሚነገር ተጫዋች ይጨመራል፤ ስድስት ወር ውስጥ ማን እንደሆነ ይወስናሉ። ገበያ ላይ «መርቂልኝ» እንደምንለው ነው። ምርቃቱን አይቶ ንግዱ በብር ነው ማለት ግን ልክ አይደለም።

ሌላው ተንታኙ የጠየቀው ጥያቄ «የተጎዳውን ሰጥተው ጤነኛ ለምን አይወስዱም?» የሚል ነበር። የተሰበረ ሳፋ ይዘህ ለልዋጭ አትወጣም። ከዚያ በላይ ግን ማንም ሲገርን መስጠት አልፈለገም። ሲገር ይድናል፣ ይመለሳል። የተጎዳ ተጫዋች ደመወዙ አይቋረጥም። ጉዳቱ ረጅም ከሆነ ስሙ የ60 ቀን የጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ይገባና ከቡድኑ የ40 ሰው መዝገብ ላይ ቦታ ይለቃል። ትሬዱ የሚሞላው ያንን ቦታ ነው፣ እስኪመለስ ድረስ። ሲገርም ተመለሰ፤ በ2020 የወርልድ ሲሪስ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። ተተኪ ስትፈልግ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ማን ይሻላል?» አይደለም፤ «ለስንት ወር?» ነው።

እዚህ ላይ ልጆችን ኢንፊልድ የማሰለጥን ሰው እንደመሆኔ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። «ኢንፊልደር» አንድ ሥራ አይደለም። ሾርትስቶፕ ሰከንድ ቤዝ ላይ መቆም ይችላል፤ ሰከንድ ቤዝ የለመደ ሰው ግን ሾርትስቶፕ ላይ ክንዱ አያደርሰውም። ከግራ ጥልቀት ኳስ ይዞ እስከ ፈርስት ቤዝ መወርወር ሌላ ጉልበት ነው። ወደ ሰከንድ መሄዱም ቢሆን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ደብል ፕሌይ (በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ማስወጣት) ላይ ሾርትስቶፑ የሚመጣበትን ሯጭ ፊት ለፊት ያየዋል። ሰከንድ ቤዙ ግን ሯጩን ከጀርባው አድርጎ ነው የሚዞረው። ከዚህ የተነሳ እግሩ የሚጠፋበት ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ። ማቻዶ ራሱ ሁለት ጊዜ ወርቃማ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የተሸለመው ሰርድ ቤዝ ላይ ነው፤ ሾርትስቶፕ ዋና ቦታው የሆነው በዚያ ዓመት ነበር። ሰርድ ላይ ቶሎ መንቃት ይበቃል፣ ሾርት ላይ ሜዳ መሸፈን አለ። ተተኪ ሲመረጥ ይህ ሁሉ ይታያል። የሆምረን ቁጥር ብቻ ይዞ «እኩል ነው» ማለት አይቻልም።

ለዚህ ከኒው ዮርኩ ሜትስ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በ2021 ጁላይ 16 የሜትስ ሾርትስቶፕ ፍራንሲስኮ ሊንዶር የጎኑ ጡንቻ ተጎዳ። ቡድኑ ምድቡን ይመራ ነበር። ጁላይ 30 ከቺካጎ ከብስ ሃቪየር ባየዝንና ፒቸሩን ትሬቨር ዊሊያምስን ወሰደ። የሰጠው አንድ ልጅ ነው፤ ፒት ክሮው-አርምስትሮንግ፣ 19 ዓመቱ። ልጁ ያን ጊዜ ራሱ ትከሻውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ተኝቷል፣ በፕሮፌሽናልነት የተጫወተው ስድስት ጨዋታ ብቻ ነው። ከብስ ልብሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ የተቀደደውን ቦታ አይቶ ነው የወሰደው።

ባየዝ ጥሩ መታ፤ በ47 ጨዋታ 9 ሆምረን። እሱም በመካከሉ በጀርባ ሕመም ጥቂት ቀናት ወጣ። ሊንዶር ኦገስት 24 ሲመለስ ባየዝ ወደ ሰከንድ ቤዝ ተዛወረ። ያንን ከላይ ያልኩትን ጀርባ መስጠት ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ ተሳካለት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሊንዶር የተመለሰ ዕለት ትሬዱ ባዶ ይሆን ነበር። ሜትስ ግን ዓመቱን 77 አሸንፎ 85 ተሸንፎ ጨረሰ። ባየዝ ወደ ዲትሮይት ሄደ። ክሮው-አርምስትሮንግ በ2025 ለከብስ 31 ሆምረን መትቶ 35 ቤዝ ሰረቀ (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ደረሰ)።

ልዋጩ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ፤ ሳፋ ስሜት የለውም። ማቻዶን ማንም «ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አልነበረበትም። በትልቁ ሊግ 10 ዓመት የቆየና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች እምቢ ማለት ይችላል። በውሉ ላይ ይህንን መብት ያስጻፈም አለ። የቀረው ግን ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይይዛል። የታችኛው ሊግ ልጅ ደግሞ የሚለወጥበትን ከተማ አይቶት አያውቅም። በአማርኛ «ተዛወረ» ስንል ሰውየው የመረጠው ይመስላል። እኔ «ተለወጠ» ቢባል እመርጣለሁ።

ቀኑንም ልጨምር። ትሬድም እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ የሚያበቃበት ቀን አለው። ማብቂያው ድሮ አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 31 ነበር፤ አሁን ከጁላይ 28 እስከ ኦገስት 3 ባለው ጊዜ ውስጥ በየዓመቱ ይወሰናል። ማቻዶ በተለወጠበት ጊዜ ኦገስት ላይም በሌላ መንገድ መለወጥ ይቻል ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ያ በር ተዘግቷል። ኦገስት አጋማሽ ላይ ሾርትስቶፕ ቢጎዳ «ማንን ይለውጡ ይሆን?» የሚል ሰው ትሰማላችሁ። ልዋጩ ሰፈሩን ለቆ ሄዷል። ሌላ ቡድን ያሰናበተውን ሰው ማንሳት ይቻላል፤ ለፕሌይኦፍ እንዲሰለፍ ከተፈለገ እስከ ኦገስት 31 መምጣት አለበት። አለበለዚያ ከታችኛው ሊግ ይጠራል፣ ወይም ሰከንድ ቤዙ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይጠጋል።