በሳንቃ ላይ የወጡት

ስለ ማዕበል ሲሰበክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የገሊላ ባሕር ነው። ጌታ በታንኳይቱ ኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ደቀ መዛሙርቱ ጮኸው ቀሰቀሱት። ነፋሱን ገሠጸው፣ ጸጥ አለ። በልጅነቴ በሰንበት ትምህርት ከሰማኋቸው ታሪኮች ሁሉ እሱን አልረሳሁም። እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ግን ያ ማዕበል በአንድ ቃል ቆመ። የብዙዎቻችን ማዕበል በአንድ ቃል አልቆመም። የእኔም አልቆመም። ስለዚህ ዛሬ 14 ሌሊት ሙሉ ያልቆመውን ሌላውን ማዕበል ላንሣ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ካላነበባችሁት ቆይታችሁ እንደሆነ፣ ዛሬ ማታ ጊዜ ስጡት።

ጳውሎስ እስረኛ ነው። ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏልና ወደ ሮም እየወሰዱት ነው። የሚጠብቀው ዩልዮስ የሚባል የመቶ አለቃ ነው። ሉቅያ ውስጥ ሙራ በምትባል ከተማ ላይ መርከብ ለወጡ። አዲሱ መርከብ ከእስክንድርያ ተነሥቶ ወደ ኢጣልያ የሚሄድ፣ ስንዴ የጫነ ነበር። ያኔ ሮም የግብፅን ስንዴ ትበላ ነበር። በላዩ 276 ሰው ተሳፍሯል። ወታደር አለ፣ እስረኛ አለ፣ መርከበኛ አለ። የተሰሎንቄው አርስጥሮኮስም ከጳውሎስ ጋር ነው። ሉቃስም አለ። ታሪኩን «እኛ» እያለ የሚጽፈው ከዳር ቆሞ ስላላየ ነው፤ አብሮ ነው የተናወጠው።

ቀርጤስ ደሴት ላይ መልካም ወደብ ወደሚባል ስፍራ ሲደርሱ የአይሁድ ጾም አልፏል። ክረምቱ ተቃርቧል ማለት ነው። በዚያ ወራት በሜዲትራንያን ላይ መጓዝ በሕይወት መቀለድ እንደሆነ የባሕር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጳውሎስ አስጠነቀቀ። «ይቅርባችሁ፣ ጭነቱንና መርከቡን ብቻ ሳይሆን ሕይወታችንንም የሚጎዳ ነው» አላቸው። የመቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ። ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን ባለሙያውን እሰማ ነበር። ደግሞም ወደቡ ለመክረሚያ አይመችም፣ ትንሽ አለፍ ቢሉ ፍንቄ የሚባል የተሻለ ወደብ አለ።

ከዚያ ልከኛ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ። ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ነገር ሲቃናልን ቶሎ «እግዚአብሔር በሩን ከፈተ» እንላለን። ቪዛው ሲመታ፣ ብድሩ ሲፈቀድ፣ ያ ሰው ስልክ ሲደውል። ለስለስ ያለ ነፋስ ግን ሁልጊዜ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም። ሉቃስ እንደጻፈው፣ ብዙም ሳይቆዩ አውራቂስ የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወረደባቸው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ጳውሎስ ወደዚያ ማዕበል የገባው ባጠፋው ጥፋት አይደለም። እንዲያውም አትሂዱ ያለው እሱ ነው። በሌሎች ውሳኔ ነው የተናወጠው። ይህን የምለው ችግር ላይ ያለ ሰው ሲያጋጥማቸው «ምን ኃጢአት ቢኖርባት ነው» የሚሉ ወገኖች ስላሉ ነው። እባካችሁ ተዉ። አባት ቤቱን በመጠጥ ሲያፈርስ ልጆቹ ይናወጣሉ። ጦርነት ሲነሣ ያልወሰኑት ይፈናቀላሉ። የታመመችን እህት ሄዶ ኃጢአቷን መመርመር የእኛ ሥራ አይደለም። ሻይ አፍልተን አጠገቧ ብንቀመጥ ይሻላል።

ማዕበሉ እየበረታ ሄደ። መርከቡ እንዳይበታተን በገመድ ዙሪያውን አስታጠቁት። በማግሥቱ ጭነት መጣል ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ በገዛ እጃቸው ወረወሩ። ፀሐይም ከዋክብትም ለብዙ ቀን አልታዩም። ያኔ መንገድ የሚታወቀው በሰማይ ነበርና የት እንዳሉ እንኳ አያውቁም። ሉቃስ ሳይሸፋፍን ይጽፈዋል፦ ወደ ፊት እንድናለን የማለት ተስፋ ሁሉ ተቈረጠ። ልብ በሉ፣ ይህን የሚለው አማኝ ነው። ተስፋው የተቈረጠበትን ቀን ደብቆ «እኛ ግን በእምነት ጸንተን ነበር» አላለም።

መልአኩ የመጣው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ጳውሎስ ጠዋት ተነሥቶ የተነገረውን ለሁሉም ነገራቸው። «አይዞአችሁ» አላቸው። «ይህ መርከብ እንጂ ከእናንተ አንድ ነፍስ እንኳ አይጠፋም።» ቀጥሎም «እንደ ተናገረኝ እንዲሁ እንዲሆን እግዚአብሔርን አምናለሁ» አለ።

ይህን ምዕራፍ ለዓመታት አንብቤዋለሁ። «ይህ መርከብ እንጂ» የሚለው ግን የገባኝ ሥራ ባጣሁበት ዓመት ነው። ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ ያንን ሥራ መልስልኝ። ወንበሬን፣ ደመወዜን፣ ጠዋት ስወጣ ሰፈሩ የሚያየኝን ክብሬን። ስጸልይ የኖርኩት ለመርከቡ ነበር። ሥራው አልተመለሰም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ሒሳብ እንዳስጠናላት ጠየቀችኝ። ከዚያ እህቷም ልጅ ላከች። ባለቤቴ የእቁብ ዕጣ ወጣላት። የቤት ኪራዩን በዚያ ከፈልን። ያኔ በእውነት ይህ የእግዚአብሔር መልስ ነው አላልኩም። ትንሽ፣ እርጥብና ስባሪ ነገር ነበር የመሰለኝ። ግን ቤተሰቤ አልሰጠመም።

እግዚአብሔር ለጳውሎስ የሰጠው ተስፋ ለሰዎቹ እንጂ ለመርከቡ አልነበረም። እኛ ግን ሁለቱን እንደባልቃለን። መርከቡ ሲሰነጠቅ ተስፋውም የተሰነጠቀ ይመስለናል።

ሌላው የሚደንቀኝ ጳውሎስ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ያደረገው ነው። አሥራ አራተኛው ሌሊት ላይ መርከበኞቹ ምድር እንደቀረበ ጠረጠሩ። ጥልቀቱን ሲለኩ ወደ 37 ሜትር ገደማ ሆነ፤ ጥቂት አለፍ ብለው ሲለኩ ወደ 28 ወረደ። ከዓለት ጋር እንዳይጋጩ ፈርተው ከኋላ 4 መልሕቅ ጣሉና እስኪነጋ ተመኙ። መርከበኞቹ ግን ከፊትም መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳይቱን አወረዱ። ሊያመልጡ ነው። ጳውሎስ አየ። «ሁሉም ይድናል ተብያለሁና ይሂዱ» አላለም። «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» ብሎ ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ ነገራቸው። ወታደሮቹ ገመዱን ቆረጡት።

እንግዲህ እዩ። የእግዚአብሔር ተስፋ አለ፤ የመርከበኛ ሙያም ያስፈልጋል። እነዚህ አይጣሉም። አንዳንድ ቦታ ግን ሲያጣሉአቸው አያለሁ፣ ልቤም ያዝናል። የስኳር መድኃኒቷን «እምነት ካለሽ አቁሚው» የተባለች እናት አውቃለሁ። አቆመችና ለጥቂት ተረፈች። እዚያ መርከብ ላይ ከሐዋርያው ጎን የነበረው ሉቃስ ሐኪም ነው። ራሱ ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ የተወደደው ባለ መድኃኒት ይለዋል። መድኃኒታችሁን ዋጡ። ሐኪም የሰጣችሁን ቀጠሮ አትዝለሉ። ጸሎቱንም አታቋርጡ።

ሊነጋ ሲል ጳውሎስ «ብሉ» አላቸው። 14 ቀን በጭንቀት ምግብ አልቀመሱም። መልአክ ያየ ሰው የሚሰብክ ይመስላችኋል፤ እሱ ግን እንጀራ አነሣ፣ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ቈርሶ መብላት ጀመረ። መርከቡ ገና እየተናወጠ ነው። ያኔ ሁሉም ተጽናኑና በሉ። በእምነት ጠንካራ የሆነ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሲኖር እንዲህ ነው። ረጅም ነገር ላይናገር ይችላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ኑ፣ ትንሽ ቅመሱ» ሲል፣ ምግቡ ይወርድላቸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ዘልዬው ባልፍ ለብዙዎቻችሁ ታማኝ አልሆንም።

መርከበኞቹ እየነዳቸው የነበረው ማዕበል ስርቲስ ላይ እንዳይጥላቸው ፈርተው ነበር ይላል ሉቃስ። ስርቲስ የሊቢያ ዳርቻ አሸዋ ነው። እኛ ያንን ባሕር እናውቀዋለን። የእኛ ልጆች ከሊቢያ በጎማ ጀልባ የሚነሡት ከዚያው ዳርቻ ነው፤ የሚሻገሩትም ጳውሎስ የተናወጠበትን ባሕር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ በምትባል የኢጣልያ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጠመች። ከ360 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነበሩ። ከመካከላቸው የጸለየ አልነበረም? ነበረ እንጂ። መዝሙር እየዘመሩ የሄዱ ይኖራሉ። እናቶቻቸውም በጉልበታቸው ነበሩ።

ስለዚህ ሐዋርያት ሥራ 27ን አንሥተን «ያመነ አይሰጥምም» ብንል እንዋሻለን። ለጳውሎስ የተነገረው ለዚያ መርከብ፣ ለዚያ ጉዞ የተነገረ ቃል ነው። «በቄሣር ፊት ልትቆም ይገባሃል» ነው የተባለው፤ የቀረው ሥራ ነበረው። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 12 ላይ ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፣ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው። ሁለቱንም ጌታ ይወድዳቸዋል። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። መልስ አለኝ የሚለውንም ሰው አልሰማውም።

የማውቀው ግን አለ። ይኸው ጳውሎስ ሮም ከመድረሱ በፊት ለሮም ክርስቲያኖች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሞት ቢሆን ሕይወትም ቢሆን፣ ከፍታም ቢሆን ዝቅታም ቢሆን፣ በክርስቶስ ኢየሱስ ካለው ከእግዚአብሔር ፍቅር አይለየንም አለ። ይህንን የጻፈው ባሕር የማያውቅ ሰው አይደለም። ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ መርከቡ ሦስት ጊዜ እንደተሰበረ፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በባሕር ውስጥ እንደቆየ ይነግራቸዋል። ያም ከዚህኛው ጉዞ በፊት ነው። «ዝቅታም ቢሆን» ሲል የውሃውን ጥልቀት አይቶት ነው። ልጇን ባሕር የበላባት እናት ይህን ካነበበች፣ ልጅሽ ከእግዚአብሔር እጅ አልወደቀም ማለት እችላለሁ። ባሕሩ ከዚያ እጅ በታች ነው። ከዚህ በላይ ማለት አልችልም፤ ከዚህ በታችም አልልም።

ታሪኩ ወዳለበት ልመለስ። ነጋ። ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉ፣ መልሕቆቹን ለቀቁ፣ ወደ ዳርቻው ሲነዱ መርከቡ አሸዋ ላይ ተተከለ። ፊቱ አልነቃነቅ አለ፣ ኋላው በማዕበል ተሰበረ። በዚህች የመጨረሻ ደቂቃ ወታደሮቹ እስረኞቹ እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው ተማከሩ። 14 ሌሊት ከባሕር ተርፎ ዳርቻው ላይ በሰይፍ መሞት! ያዳነው ያ መጀመሪያ ያልሰማው የመቶ አለቃ ነው። ጳውሎስን ሊያድነው ወድዶ ከለከላቸው። በመንገድ ላይ ወድዶት ነበርና።

ዋና የሚችሉ አስቀድመው ይዝለሉ አለ። የቀሩት እኩሌቶቹ በሳንቃ ላይ፣ እኩሌቶቹ በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው ይውጡ። እንዲህም ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ደረሱ። 276ቱም።

ዋና የሚችሉ ወንድሞችና እህቶች አሉን። በማዕበል ውስጥ ሲዋኙ ያምራሉ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። እኔ ግን በሳንቃ ላይ ከወጡት ነኝ። ብዙዎቻችሁም ከእኔ ጋር ናችሁ። በአንዲት የመዝሙር ቁጥር፣ በአንድ ጓደኛ ስልክ፣ ከቤተክርስቲያን በተዋጣ ብር፣ በማይመች ሥራ ላይ ተንጠልጥላችሁ ነው የደረሳችሁት። ልብ በሉ፣ ያ ሳንቃ የዚያው የተሰበረው መርከብ አካል ነው። ያለቀሱለት ነገር ስብርባሪ ተሸክሞ አወጣቸው።

ከባሕር ሲወጡ ደሴቲቱ መላጥያ እንደምትባል አወቁ፤ ዛሬ ማልታ የምንላት ናት። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ጳውሎስ ደግሞ ልብሱ ሳይደርቅ፣ እስረኛ እንደሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ጭራሮ ይለቅም ጀመር። ሌሎቹ እንዲሞቁ።