መቶ የማይሞላው የመቶ አለቃ

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ወንጌልን በአማርኛ ስናነብ «የመቶ አለቃ» የሚለው ስም አያደናቅፈንም። ዛሬም በሠራዊታችን ውስጥ መቶ አለቃ አለ፤ ከእርሱ በላይ ያለው ሻለቃም «የሺህ አለቃ» ማለት ነው። ሙሴ በአማቱ በዮቶር ምክር በሕዝቡ ላይ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን ሾሟል (ዘፀ. 18)። ስሙ እንዲህ የቤታችን ስለሆነ ሰውየውን ሳንመረምር እናልፋለን። እኔ በልጅነቴ የቅፍርናሆሙን የመቶ አለቃ ካኪ አልብሼ ነበር የምስለው።

ሮማውያን ይህን ሹም «ኬንቱሪዮ» ይሉት ነበር፤ በቋንቋቸው በላቲን «ኬንቱም» መቶ ነው። ማቴዎስና ሉቃስ ማዕረጉን በግሪክኛ አቻው ሲጽፉት፣ ማርቆስ ግን በመስቀሉ ሥር ቆሞ «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ያለውን አለቃ በላቲኑ ስም ይጠራዋል። በጌታ ዘመን በአንድ የመቶ አለቃ ሥር የሚሰለፉት ወታደሮች መቶ አይሞሉም፤ 80 ያህል ነበሩ። 8 ወታደሮች በአንድ ድንኳን ያድራሉ፤ 10 ድንኳን ተደምሮ «መቶ» ይባላል። ስድስቱ «መቶ» አንድ ጭፍራ ነው፤ ቆርኔሌዎስ ያገለገለበት ኢጣሊቄም እንዲህ ያለ ጭፍራ ነበር። አሥሩ ጭፍራ ደግሞ ሌጌዎን ይባላል፤ በጌርጌሴኖን አገር ርኩሱ መንፈስ ለራሱ ያወጣው ስም ነው።

በጀርመን አገር በቦን ከተማ ሙዚየም አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ማርቆስ ካይልዮስ የተባለ የ18ኛው ሌጌዎን የመቶ አለቃ ተቀርጾበታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ9 ዓ.ም. በቴውቶቡርግ ጫካ ጦርነት በ53 ዓመቱ የወደቀ ሰው ነው። ደረቱ በሽልማት ተሞልቷል፤ በራሱ ላይ አክሊል አለ። በእጁ የያዘው ግን ሰይፍ ሳይሆን ዱላ ነው፤ ከወይን ግንድ የተቆረጠ ዱላ።

የማዕረጉ ምልክት ይህ ዱላ ነበር፤ ለጌጥ ብቻ ግን አልነበረም። ታሲተስ የተባለው ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ ሉኪልዮስ ስለሚባል የመቶ አለቃ ይነግረናል። ዱላው በወታደር ጀርባ ላይ በተሰበረ ቁጥር «ሌላ አምጣ!» እያለ ይጮህ ስለነበር ወታደሮቹ «ሌላ አምጣ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። በ14 ዓ.ም. ባመፁ ጊዜም ገደሉት። ዱላው የወይን ነውና ጌታ «እውነተኛ የወይን ግንድ እኔ ነኝ» ካለበት ከዮሐንስ 15 ጋር ላያይዘው ቃጥቶኝ ነበር፤ ተውኩት፤ ዱላ ዱላ ነው።

እንግዲህ በቅፍርናሆም የታመመ ባሪያ እንዲድን ወደ ጌታ የመጣው ልመና የዚህ ማዕረግ ሰው ልመና ነው። ሲሆን ሲሆን ባሪያ ቢሞትበት ሌላ ይገዛል፤ እርሱም «ሌላ አምጣ» ማለት ይችል ነበር። ሉቃስ ግን «የሚወደው ባሪያው» ይለናል። የአይሁድ ሽማግሌዎች ምኵራብ ሠርቶልናልና «ይገባዋል» ብለው ማለዱለት፤ እርሱ ራሱ ግን «በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም» አለ። ምኵራቡን አላነሳም።

ከዚያ የተናገረውን ልብ በሉ፦ «እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝ»። እኛ «ሂድ ብለው ይሄዳል» የሚለውን እንወዳለን፤ ይህችን ግን እንዘላታለን። ሰማንያው ሰው «ሂድ» ሲባል የሚሄደው ከዚያ ድምፅ በስተኋላ ሻለቃው፣ ከሻለቃውም በላይ እስከ ቄሣር ድረስ ሌሎች ስላሉ ነው። የመቶ አለቃ የተዋሰውን ሥልጣን ይናገራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም፣ እኔ ሰው ሆኜ በሌላ ሥር እያለሁ ቃሌ ከተፈጸመ፣ አንተ አምላክ ሆነህ በማንም ሥር ሳትሆን እንዴት አይፈጸም ማለቱ ነው ይላል። ስለዚህ ጌታ ከአልጋው አጠገብ እንዲቆም፣ ሕመምተኛውንም እንዲዳስስ አልለመነም። ዱላ ይዞ የኖረ ሰው «ቃል ብቻ ተናገር» አለ። ጌታም ተደነቀ፤ በእስራኤል እንኳ እንዲህ ያለ እምነት አላገኘሁም አለ።

በቅዳሴያችን ከቁርባን በፊት የምንጸልየው ጸሎት ከዚህ ወታደር አፍ የወጣ ነው፤ «ቤቴ» የምንለው ብቻ አሁን የገዛ ሰውነታችን ሆኗል። በቅፍርናሆም ጌታ ከዚያ ጣራ በታች አልገባም፤ ቃል ብቻ ተናገረ። እኛ ግን ያንኑ «አይገባኝም» ብለን አፋችንን እንከፍታለን።